ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣
ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆርቆሮ ቤት አለኝ፤
ጦሳ ጉሙን ሲለቀው
የደሴ ባለጉዳይ በዳበሳ ሚያገኘኝ።

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ።
እንባ ይዘው ይገባሉ፣ በአንቀጽ እሰፍራለሁ፤
ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ ብዬ
ከሰላምታ ጋር እቋጫለሁ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
የወንድማማች ክስ፣ የድንበር ጠብ፣ የጡረታ ጥያቄ፣
ሁሉን ከአንዲት ሣጥን
አስተኝቼ ነበር በየስሙ ጠንቅቄ።

ማክሰኞ ነው። ዝናብ።
አንድ ልጅ ገባ፣ ጃኬቱ የረጠበ፤
«እቱ፣ አንዲት ገጽ ብቻ» ብሎ
ከአንገቱ ላይ ፍላሽ ሳበ።
«ደረሰኝ» ይላል የፋይሉ ስም፣
ወረቀት መስሎ የተሣለ፤
ሁለቴ ነካሁት። ምንም አልተከፈተ።
«ይቅር በቃ» አለና ሄደ፤
እሱም አላወቀ ምን አንጠልጥሎ እንደዋለ።

ሌባ እንዳልለው ደጅ አልሰበረ፣
በገዛ ጣቴ ነው የከፈትኩለት።
ማራገቢያው ጮኸ።
ሙቀት ነው ብዬ ጎኑን በመዳፌ መታሁት፤
ለካስ ሌላ ጸሐፊ ተቀምጧል ውስጡ፣
ሳያስል፣ ሳይጠይቅ ወንበር፤
አንድ ፋይል ያነሣል፣ ያነብባል፣
ፊደሉን ከፊደል ያፋልሳል በማይያዝ ቀመር፤
ዋናውን ይፍቅና ያንን ያኖራል በቦታው፣
ከስሙም ጫፍ ባዕድ ጅራት ይቀጥላል፤
ከዚያ ወደ ቀጣዩ።
ማሽኑ ለክፉ ቀን የሚያስቀረውን ጥላ ሳይቀር
ፈልጎ ደመሰሰ፤
መጠባበቂያ ያልኩት ዲስክም
ከጎኑ ተሰክቶ ነበር፣ አብሮ ተለወሰ።

ጥንቃቄው ግን! ሰዓቱ ይሄዳል፣
ማውሱ ይታዘዛል፣ ካልኩሌተሩ ይደምራል፤
ዓይኑን ካላተረፈልኝ
ዕዳዬን በምን ላነበው ኖሯል?

ስምንት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ቀላ፤
ደብዳቤ መጣልኝ።
ደብዳቤ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው።
ይሄ ግን ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣
«ለ» የለው፣ «ከ» የለው፣
ግልባጭ የለው፣ ማኅተም አልተመታበት፤
ከደብዳቤ ወግ ሁሉ ያልረሳው ቀጠሮ፤
ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰዓት፣
ከሰባ ሁለት ጀምሮ።
በማላየው ገንዘብ ክፈይ፣ ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው፤
ዳኛ የለ፣ ዋስ የለ፣
እስረኛው ደግሞ የገዛ ቤቱ ውስጥ ነው።
አንዱን ከፍቼ አየሁ፦
ክብደቱ ያው፣ ቦታው ያው፤
ገጹ የተሰባበረ ጥርስ።
ወርቁ ከደጅ ሳይወጣ እዚያው ሰሙ ውስጥ ታሰረ።

ኑርዬ ከቧንቧ ውሃ መጥቶ የኔትወርኩን ገመድ ነቀለ።
«እንዳትከፍይ፤ ከፍለውም ያልተፈታላቸው አሉ» አለ።
ዲስኩን በላስቲክ ጠቀለለልኝ፤
«ማን ያውቃል፣ መፍቻ ይወጣለት ይሆናል።»
ለሙታን የሚባለው ዓይነት ቃል።

አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ይመር ሙሄ ገባ፤
«ያንን ያራት ዓመቱን ወረቀት አውጭልኝ፣
ይግባኝ ልል ነው።»
ነገርኩት።
«ቁልፉ ጠፋ ነው የምትይኝ?»
«ሰው ወሰደው።»
ጥቂት ዝም አለ።
«አብሽሪ። ጻፊ።»

ሉክ ወረቀት ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶ አሟሸሁ።
እሱ ዓይኑን ጨፈነ፦
በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ የቡሽራ ማሳ፣
በሰሜን የዋርካው ግንድ፣
የኔን ቃል፣ ነጠላ ሰረዜን ሳይቀር አልሳሳተ፤
«ወንድሜ እብሬ ሙሄ በጉልበት ገፍቶኝ» ላይ ሲደርስ ግን
ድምፁ ተገታ፣ ጉሮሮው ደረቀ።
«ይቺን ተያት» አለኝ።
«እብሬ አምና አፈር ለበሰ። ድንበሩን ብቻ።»

አራት ዓመት ያቺን ዓረፍተ ነገር
ሣጥኔ ውስጥ እያስቀመጥኩ፣
ባለቤቷ ደጅ ላይ ቆሞ ሳይፍቃት።

ቀዩ ሰዓት መቼ እንዳለቀ ሁለታችንም አላየንም።
ቀኑን ጻፍኩ። ቁጥር ሰጠሁት፦ አንድ።
ግልባጭ፦ ለይመር ሙሄ።
ግልባጭ፦ ለኔ፤
ሌላ ሉክ፣ ሌላ ቤት፣ ከገመድ የራቀ።